ብታንስ ኖሮ ትረዝም ነበር

ከዓይኔ አልጠፋ ያለች አንዲት አጭር የግራፍ ዓምድ አለች። ሰማያዊ ናት። አራት ረጃጅም ዓምዶች ተሰልፈው በስተቀኝ ጥግ እሷ፣ ዘግይታ መጥታ በር ላይ እንደቆመች ተማሪ። የሠራኋት እኔ ነኝ። በትክክል ለመናገር ግን የሠራት ኤክሴል ነው፤ እኔ የተጫንኩት በአንዴ ግራፍ የሚያወጡትን ሁለት ቁልፎች፣ ኦልትንና ኤፍ 1ን፣ ብቻ ነው። ይህችን “በትክክል ለመናገር” የምትል ማምለጫ ለራሴ ስደጋግማት አሥር ዓመት ሊሞላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ በእኛ አጠራር “ኤችአይቲ”። በጣቢያው ሥር ካሉት አምስት ጤና ኬላዎች በወረቀት የሚመጣውን ሪፖርት እሰበስባለሁ፣ እደምራለሁ፣ ለወረዳ እልካለሁ። ጥቅምት ገባና የአንደኛው ሩብ ዓመት ግምገማ ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ በበሩ ብቅ አለና “ነገ የወረዳው ኃላፊ ራሳቸው ናቸው የሚመሩት። ሰንጠረዥ እንዳታበዛባቸው፣ ግራፍ አድርገው። ኤልሲዲ ይዘው ይመጣሉ” ብሎኝ ሄደ።

ያቺ ሌሊት

ኤክሴል ላይ ባር ግራፍ መሥራት ሲያዩት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስሞቹን በአንድ ኮለም፣ ቁጥሮቹን በጎኑ አድርገህ ትመርጣለህ፣ ኢንሰርት ትላለህ፣ አለቀ። በእኛ ፋይሎች ላይ ግን ከዚያ አንድ ደቂቃ በፊት የሦስት ሰዓት ሥራ ነበረ።

የቀበሌዎቹን ስም ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፊደል ነበር የጻፋቸው። ሰንጠረዡ ላይ አማርኛ ናቸው። ግራፉ ላይ ሲወጡ ግን የራሱን ፊደል ስለሚያለብሳቸው የእንግሊዝኛ ሆሄያትና የቃለ አጋኖ ድብልቅ ሆኑ። አንዱ ቀበሌ ስሙ በዶላር ምልክት ይጀምር ነበር። አምስቱንም እንደገና ጻፍኩ። ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ መጣ። የ2006ንና የ2007ን አፈጻጸም ከጎን ላሳይ ብዬ ዓመቶቹን ጨምሬ ስመርጥ፣ ኤክሴል ዓመቱንም እንደ አፈጻጸም ቆጥሮት ሁለት ሺሕ የሚደርስ ማማ ሠራልኝ፤ ክትባቶቹ እግሩ ሥር እንደ ሣር ታዩ። ከላይ በግራ ያለችውን “ዓ.ም.” የምትል ሳጥን ባዶ ብተዋት ኖሮ ይገባው እንደነበር የተማርኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ሌሊት ዓመቶቹን አጥፍቼ ተገላገልኩ።

ስለ ቀንማ ባላነሣው ይሻላል። ግን ላንሣው። ኮምፒውተሩ የአሜሪካ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ጥቅምት 3 ለማለት 3/2/2008 ስጽፍ ማርች 2 ያደርገዋል። ጥቅምት 13 ስጽፍ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ይኸው 13ኛ ወር አላውቅም ባይ ጳጉሜ 5ን፣ 5/13 ብለህ ስትሰጠው፣ ሜይ 13 ነው ብሎ ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ወሮቹን በስም ጽፈህ ደርድርልኝ ብትለው ደግሞ ሐምሌን ያስቀድማል፤ የበጀት ዓመታችንን የሚያውቅ ይመስልና ደስ ይልሃል። ቀጥሎ መስከረም ሲል፣ ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ሲል፣ የሚያውቀው የፊደል ገበታን ብቻ መሆኑ ይገባሃል።

በመጨረሻ የቀረኝ አንድ ሰንጠረዥ ነበር፤ አምስት ኬላዎች፣ የሦስተኛው ዙር ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው የሕፃናት) ክትባት፣ ከዕቅዱ በመቶኛ። 95፣ 93፣ 92፣ 90፣ 84። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው፤ ደረጃው እንዲታይ። የቀበሌዎቹ ስም ረዣዥም ስለሆነ አግድም ያሉትን ዓምዶች ሞከርኩ። ኤክሴል አግድም ሲሆን የመጀመሪያውን ከታች፣ የመጨረሻውን ከላይ ስለሚያደርገው ደረጃው ተገለበጠ። የሚገለብጥበት ቦታ እንዳለ ሳላውቅ ወደ ቋሚው ተመለስኩ። ቁጥሮቹን በዓምዶቹ አናት ላይ አላስቀመጥኩም፤ ሥዕሉን ያጨናንቁታል ብዬ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ አይሆንም። አፍስሻለሁ፤ የለቀምኩት ነገር ግን አልነበረም።

ገመዱን የያዘው ሰው

በማግስቱ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። የኤልሲዲው ገመድ ሲነካ ምስሉ ስለሚጠፋ እኔ በእጄ ይዤው እንድቀመጥ ተደረገ። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ከኋላ ወንበር ናቸው፤ ከፊት የወረዳ ሰዎች፣ የቀበሌ ሊቀመናብርት።

የክትባቱ ግራፍ ሲመጣ የወረዳው ኃላፊ ከወንበራቸው ተነሡ። እስክሪብቷቸውን በመጨረሻዋ ዓምድ ላይ አሳረፉ፤ የእጃቸው ጥላ ግማሹን አንሶላ ሸፈነው።

“ይቺ ምንድን ናት? የማን ኬላ ናት?”

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። “የእኔ ነው” አለች።

“የሌሎቹን ግማሽ እንኳን አልደረሳችሁም እኮ! ምን ስትሠሩ ነው የከረማችሁት?”

“ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰማንያ አራት በመቶ ነው” አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፣ የተንቀጠቀጠም አልነበረም። ማስታወሻ ደብተሯ በእጇ ተከፍቷል።

እሳቸው ወደ አንሶላው ዞሩ፣ ወደ እሷ ዞሩ። “ሰማንያ አራት ቢሆን እኮ እዚህ ትደርሽ ነበር” አሉና እስክሪብቷቸውን ወደ ረጃጅሞቹ ትከሻ ከፍ አደረጉት። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ኃላፊ ቀልድ ሲናገር የሚሳቅ ዓይነት ነው። እሷ ትንሽ ቆማ ቆየችና ተቀመጠች። ደብተሯን ዘጋችው።

ያን ጊዜ ነው ወደ ግራው ጠርዝ ያየሁት። ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ጨርሶ በማይነበብ ፊደል 78 ይላል። ዓምዶቹ የሚነሡት ከዜሮ አልነበረም።

84ቱን የጻፍኩት በገዛ ጣቴ ነው። ትክክል መሆኗን በዚያ ክፍል ውስጥ በእርግጠኝነት ከምናውቀው ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። “ይቅርታ፣ ግራፉ የሚጀምረው ከ78 ነው” ብል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ቢከብደኝ እንኳ ገመዱን መልቀቅ እችል ነበር፤ ምስሉ ይጠፋል፣ ወሬውም ይቀየራል። ገመዱን አጥብቄ ያዝኩት። የሚቀጥለው ስላይድ የወሊድ አገልግሎት ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቀዘ።

84፣ 83፣ 82

ከዚያ ወዲህ ሥራም ቀየርኩ፣ ከተማም ቀየርኩ። ቁጥርና ግራፍ ግን እንጀራዬ ሆኑ። ባለፈው ክረምት ቤት ሳጸዳ አሮጌ ፍላሽ አገኘሁ። ውስጡ ያ ፋይል አለ። ከፈትኩት። አንሶላው የለም፣ እስክሪብቶው የለም፤ ሰማያዊዋ ዓምድ ግን እዚያው ጥግ ቆማለች።

ማስተካከሉ አሁን ለእኔ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። በግራ ያሉትን ቁጥሮች በቀኝ ክሊክ ነክቶ ፎርማት አክሲስ፣ ሚኒመም የሚለው ሳጥን ውስጥ 0። እዚያው ጎን “አውቶ” የሚለው ቃል ወደ “ሪሴት” ይለወጣል። እስካሁን እኔ ነበርኩ የምወስነው፣ ከአሁን ወዲያ አንተ ነህ ማለቱ ነው። እጄን ወደዚያ ከሰደድኩ በኋላ መለስኩት። ለምን 78? ይህ ሁሉ ዓመት ስወቅሰው አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። አንዳንድ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፣ አንዳንድ ጊዜ አይጀምርም። ማን ነግሮት?

ነገሩ ቢገባኝ ብዬ ቁጥሯን መቀነስ ጀመርኩ። 84ን 83 አደረግኩት። ወለሉ ትንሽ ዝቅ አለ። 82። 81። በየእርምጃው ወለሉ አብሯት ይወርዳል፤ ዓምዷ ግን ከድንክነቷ አልወጣችም። 80፤ አሁንም ድንክ። 79 ብዬ ኢንተርን ስጫን አምስቱም ዓምዶች ብድግ አሉ።

ሌላ ቃል የለኝም። ሰብሳቢ ሲገባ ሰው ከወንበሩ እንደሚነሣው አንድ ላይ ተነሡ። ወለሉ ዜሮ ሆኗል። የእሷ ዓምድ ከረጅሙ ዓምድ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ቆማለች። ከወረዳ የመጣ ሰው ሁሉ “ትንሽ ይቀራታል” ብሎ የሚያልፋት ዓምድ ሆነች። 80 ብዬ መለስኩ፤ ተቀመጡ። 79፤ ተነሡ። ልጄ ከበስተኋላዬ “አባዬ ጌም ነው?” እስክትለኝ ድረስ እንዲህ ሳደርግ ቆየሁ።

ሕጉን ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፎታል፤ ምስጢር አይደለም። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ አንድ ስድስተኛ ከበለጠ ወለሉ ዜሮ ይሆናል። ካነሰ ግን ኤክሴል “ልዩነቱ ስለማይታይ ላጉላው” ይልና ወለሉን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከትንሹ ቁጥር ላይ የልዩነቱን ግማሽ ይቀንስና እዚያ አካባቢ ወለል ያነጥፋል። የ95 አንድ ስድስተኛ 16 ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። ከ95 እስከ 84 ድረስ 11 ነው፤ ያንሳል። የ11 ግማሽ አምስት ተኩል፣ ከ84 ሲቀነስ 78 ተኩል፤ ከዚያ በታች ያለችው ቅርብ እርከን 78። እስከ 80 ድረስ 15 ነው፣ አሁንም ያንሳል። 79 ላይ 16 ሆነና በሩ ተከፈተ።

እንግዲህ አስቡት። 84 በመቶ ያመጣችው ሴት በአንሶላው ላይ ከወለሉ ስድስት እርምጃ ትቆማለች፤ 95 ያመጣው ኬላ አሥራ ሰባት። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። 79 አምጥታ ቢሆን ኖሮ ግን ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትቆም ነበር፤ ማንም አይስቅባትም ነበር። የባሰ ብትሠራ የተሻለች ትመስል ነበር። የተቀጣችው ስለ ደከመች አይደለም። በበቂ ሁኔታ ስላልደከመች ነው።

ሰው ቢዋሽ ምክንያት አለው፤ ወይ ይጠላሃል፣ ወይ ይፈራል፣ ወይ አበል ይፈልጋል። ይኼ ግን ማንንም አይጠላም። አንድ መሐንዲስ ከብዙ ዓመት በፊት ሰው ልዩነት ማየት ይወዳል ብሎ ደግነት አስቦ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ የወረዳ ግምገማም አያውቅ፣ ጤና ኬላም አያውቅ። የሚጠየቅ ሰው አጣሁ። ፈልጌ ፈልጌ ወደ ገመዱ ተመለስኩ።

ከአጥር በላይ የሚታየው

ስለ ዓምድ ያሰብኩትን ለራሴ ለማስረዳት የሞከርኩት በአጥር ነው። አምስት ሰዎች ከአጥር ጀርባ ቆመዋል። ከረጅሙ ሰው ደረትና ራስ ይታያል፤ ከአጭሩ ግንባር ብቻ። አጥሩን ያላየ ሰው “ይኼ የዚያ ሩብ ነው” ብሎ ቢፈርድ አይገርምም። በባር ግራፍ ላይ ደግሞ አጥሩ አይታይም። ዓምዱ ከመሬት የተነሣ ይመስላል፤ ዓይናችን የሚለካው ርዝመቱን ነውና የተቆረጠ እግር ሊኖር ይችላል ብሎ አይጠረጥርም።

ባር ግራፍን መጀመሪያ በ1786 (በፈረንጆቹ) ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ወዶ እንዳልሠራው ሳነብ ፈገግ አልኩ። የእንፋሎት ሞተሩ መሐንዲስ የጄምስ ዋት ንድፍ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። የእንግሊዝ ንግድ የብዙ ዓመት ቁጥር ስለነበረው በመስመር እየሳለ ቆየና ስኮትላንድ ላይ ሲደርስ ያገኘው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ሆነ። በአንድ ነጥብ መስመር አይሰመርም። ስለዚህ ስኮትላንድ ከእያንዳንዱ አገር ያስገባችውንና የላከችውን ጥንድ ጥንድ ዓምድ አድርጎ ከዜሮ ጀምሮ ዘረጋው። መረጃ አጥሮት በችግር የፈጠረው ነገር ነው፤ ይህም ኤችአይቲ ሆኜ ላሳለፍኳቸው ዓመታት ትንሽ መጽናኛ ሆነኝ።

“ሁልጊዜ ከዜሮ ጀምር” የሚለውን ምክር ግን እንደ ትእዛዝ አልቀበለውም። አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ የትኩሳት መከታተያ ከዜሮ ቢጀምር 37ና 40 አንድ ይመስላሉ፣ ሰውየውም ይሞታል። ያ ግን መስመር ነው፤ መስመር የሚያሳየው መውጣትና መውረድን ነው። ዓምድ የሚያሳየው ምን ያህል መሆኑን ነው። እግሩን ቆርጠህ “ምን ያህል ነው?” ብለህ ሰው መጠየቅ አትችልም። እስከዚህ ድረስ ለእኔ ግልጽ ነበር። ግራፉን አስተካክዬ፣ ዜሮ ጽፌ፣ ፋይሉን ዘግቼ ልተኛ ነበር።

ስምንትና ሦስት

እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

ከዜሮ የጀመረውን ግራፍ ደግሜ ሳየው ቆንጆ ነው። አምስቱም ደህና ናቸው። የወረዳው ኃላፊ ያን ግራፍ ቢያዩ “በርቱ” ብለው ወደ ወሊድ አገልግሎት ይሻገራሉ። ከዚያ ግን ደብተሯ ትዝ አለኝ። የእሷ የሩብ ዓመት ዕቅድ 50 ሕፃናት ነበር፤ 42 ከተበች። የአንደኛው ኬላ ዕቅድ 60፤ 57 ከተቡ። በእሷ በኩል ስምንት ቀሩ፣ በእነሱ በኩል ሦስት። የተከተቡትን ትቼ የቀሩትን በዓምድ ብሠራቸው፣ 16 በመቶና 5 በመቶ፣ ከዜሮ ጀምረው፣ አንድም እግር ሳይቆረጥ፣ የእሷ ዓምድ የነሱን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ያ የዋሸ ግራፍ “ልዩነታችሁ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው” ብሎ ነበር። ከቀሩት ልጆች አንጻር ካየነው እውነቱን ሊናገር ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። በአጋጣሚ። የተበላሸ ሰዓት በቀን ሁለቴ እንደሚያደርገው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ የትኛው ግራፍ ትክክል ነው የሚለው ጥያቄ አልጥም አለኝ። እሷን ከመረጥኩ ከዜሮ የጀመረውን አሳያለሁ፤ 84 ብዙ ነውና። የቀሩትን ሕፃናት ከመረጥኩ የቀሩትን አሳያለሁ፤ ስምንት ብዙ ነውና። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ሰንጠረዥ የወጡ ናቸው። ያን ሌሊት ኦልትና ኤፍ 1ን ስጫን የትኛውንም አልመረጥኩም። ስለማን እንደምናወራ ሳልወስን ሥዕሉን ለማሽን ሰጠሁት፤ ማሽኑ ደግሞ ስለ ሴቲቱም ስለ ሕፃናቱም ሳይሆን ስለ ልዩነት ብቻ ሥዕል ሠራ። ልዩነት ብቻ የያዘ ሥዕል ደግሞ በአገራችን ስብሰባ ውስጥ አንድ አገልግሎት ነው ያለው፤ የሚነሣ ሰው ይፈለጋል።

ቁጥሩ ራሱም ያን ያህል የሚታመን አልነበረም። ያ 50 ቤት ለቤት የተቆጠረ አይደለም። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ በየዓመቱ ዕድገት እየተጨመረ፣ ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶው ሕፃን ነው እየተባለ ከላይ የሚወርድ ግምት ነው። በቀበሌዋ በእርግጥ የተወለዱት 45 ቢሆኑ ኖሮ በዚያው 42 ሕፃን 93 በመቶ ትሆን ነበር፤ በሰልፉ ሁለተኛ። በዚያ ዘመን ከመቶ በላይ የሚያመጣ ኬላ በየግምገማው ይታይ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከተወለዱት በላይ መከተብ የሚቻል ይመስል እናጨበጭብ ነበር።

ሩቡ ዓመት ደግሞ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ነው። ክረምቱን በሙሉ ማለት ነው። ክትባቱ ከጣቢያው ማቀዝቀዣ ወጥቶ፣ በረዶ ከተደረገበት ሳጥን ጋር በትከሻዋ ተንጠልጥሎ በእግር ነው የሚሄደው። በእሷና በቀበሌዋ ግማሽ መካከል ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ይህን ማንም ግራፍ ላይ አያስቀምጥም፤ እኔም የማስቀመጫውን ቦታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ግድግዳው ላይ

ከግምገማው አንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ለመዝገብ ማጣራት ወደ ኬላዋ ሄጄ ነበር። ወንዙ ጎድሎ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ስደርስ ቡና አፍልታለች። “ግባ ግባ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?” አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት በመንገድ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። “መንገዱ ደህና ነው” አልኳት።

መዝገቡን እስክታወጣ ግድግዳውን አየሁ። በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ በእጇ የሠራችው ግራፍ ተለጥፏል። ማስመሪያው ትንሽ አጭር ስለሆነባት ይመስላል መስመሮቹ መሐል ላይ ተቀጥለዋል። ወለሉ ዜሮ ነው። ጣሪያው መቶ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ ሐምሌ አጭር፣ ነሐሴ ደግሞ ከሐምሌ ያነሰ፣ ከዚያ ማደግ ይጀምራል። ቀለም የተቀባው እስከ ተከተቡት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ፣ እስከ መቶ ድረስ ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ፣ በእርሳስ የተጻፉ ስሞች አሉ። የእናቲቱ ስም፣ ከጎኑ የጎጡ ስም። አንዳንዶቹ በላጲስ ጠፍተው ቦታቸው ላይ ቀለም ተቀብቷል።

“ለምን በእርሳስ?” አልኳት።

“ሲመጡ ላጠፋቸው ነዋ” አለች፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን።

በእርሳስ የቀሩት ስምንት ነበሩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቆጠርኳቸውም። ያን ጊዜ ያየሁት ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን መስመሮች ነበር፣ በኮምፒውተር ብሠራላት እንዴት ያምራል እያልኩ። እንዲያውም “በኤክሴል ልሥራልሽና ፕሪንት ላድርግልሽ?” ብያታለሁ።

“አይ፣ ይሄ ይበቃኛል” አለችና ሲኒውን አቀበለችኝ። ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። “ማርከር ካለህ ግን ላክልኝ፣ ሰማያዊው አልቆብኛል” አለች።

በሳምንቱ በአምቡላንስ ሾፌር እጅ ሁለት ላክሁላት። ሰማያዊ ስላላገኘሁ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።